የትኛው ሌንስ ይያዝ፣ የትኛው ይሸጥ፤ ሠርግ ለሚያነሱ ፎቶግራፈሮች

ሌንስ ልሽጥ ወይስ ልግዛ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጥራት ነው፤ የትኛው ይበልጥ ጥርት አድርጎ ያነሳል? ሠርግ ለሚሠራ ሰው ግን ይቺ ጥያቄ ሁለተኛ ናት። ቀዳሚው «ይህ ሌንስ ቦርሳዬ ውስጥ ባይኖር የትኛው ፎቶ ይቀርብኛል?» የሚለው ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ ሌንሱ የቱንም ያህል ቢወደስ የታሰረ ገንዘብ ነው። መልሱ «ተክሊል ላይ የሙሽሮቹ ፊት» ከሆነ ደግሞ ጠርዙ አካባቢ ትንሽ ቢደበዝዝም አይሸጥም።

የምጽፈው እኛ ዘንድ በብዛት ስለሚታየው ጉዞ ነው። በካነን 700ዲ፣ 70ዲ ወይም 80ዲ ተጀምሮ ወደ 6ዲ ወይም 5ዲ ማርክ 3 ይታለፋል፤ ከዚያ ደግሞ መስታወት አልባዎቹ (ሚረርለስ) አር6ን የመሰሉ ካሜራዎች ይመጣሉ። በዚህ መንገድ ላይ ሌንሶች ይጠራቀማሉ፤ ግማሾቹ ለቀድሞው ካሜራ የተገዙ ናቸው።

መጀመሪያ ቁጠሩ። ላይትሩም ክላሲክ የተባለው የፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌር ያለው ሰው ከፎቶዎቹ በላይ ያለውን የማጣሪያ መስመር ከፍቶ ሜታዳታ የሚለውን ሲመርጥ፣ የየዓምዱን ርዕስ ወደ ሌንስ፣ ወደ ፎካል ሌንግዝ (የሌንሱ ሚሊሜትር፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሩቁን ያቀርባል) እና ወደ አፐርቸር (የሌንሱ መክፈቻ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ነው) መቀየር ይችላል። የሚቆጠረው ግን የተነሳው ሁሉ ሳይሆን ለደንበኛ የተረከበውና አልበም የገባው ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል የተመረጡትን ፎቶዎች ቀድሞ በኮከብ ለይቶ ማጣራት ያስፈልጋል። የዓመት ሥራ ካለ የዓመቱን፣ ቢያንስ ግን የጥርን እና ከፋሲካ በኋላ ያለውን ወቅት አንድ ላይ ውሰዱ፤ አንዱ ብቻ ያሳስታል።

ቁጥሩ ሲወጣ የዙም ሌንሶችን ጫፍ እዩ። በ24-70 ሚሊሜትር ዙም ከተነሱት ፎቶዎች ብዙዎቹ 70 ላይ ከተከመሩ፣ እጃችሁ ዙሙን እስከ መጨረሻ አዙሮ «ገና አልቀረበልኝም» እያለ ነው፤ ቀጣዩ ግዢ 85 ወይም 70-200 ነው ማለት ነው። 24 ላይ ከተከመሩ የጠበባችሁ ክፍሉ ነው። መሐል መሐሉን ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ35 እስከ 50፣ የገዛችሁትን በሚገባ እየተጠቀማችሁበት ነው። ቀጥሎ አፐርቸሩን ተመልከቱ። ባለ ኤፍ/1.4 ሌንስ ይዞ የተረከቡት ፎቶዎች በሙሉ ኤፍ/2.8 እና ኤፍ/4 ላይ ከሆኑ፣ ለመክፈቻው ተብሎ የተከፈለው ገንዘብ ሥራ ላይ አልዋለም።

የክፍል ስፋትን በተመለከተ ከመገመት የሚያድን ቀላል ስሌት አለ። የሚያስፈልገው ርቀት፣ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ነገር ቁመት ወይም ስፋት በሌንሱ ሚሊሜትር ተባዝቶ፣ ለሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን ለሚቀበለው ክፍል) ተመሳሳይ ጎን ሲካፈል የሚገኘው ነው። 6ዲን የመሰሉ ካሜራዎች ያላቸው ትልቁ ሴንሰር (ፉል ፍሬም) ረጅሙ ጎን 36 ሚሊሜትር ነው፤ 700ዲን የመሰሉት ያላቸው ትንሹ የካነን ሴንሰር (ክሮፕ) 22.3 አካባቢ። ሙሽራዋን ከእግር እስከ ራስ በቁም ፍሬም ለማንሳት ከነትርፉ 2.1 ሜትር ያዙ። በፉል ፍሬም ላይ 35 ሚሊሜትር ሌንስ 2 ሜትር ገደማ፣ 50 ሚሊሜትር 2.9 ሜትር፣ 85 ሚሊሜትር ደግሞ 5 ሜትር ያህል ወደ ኋላ መሄድ ይፈልጋል። ያው 50 በ700ዲ ላይ ሲገባ 4.7 ሜትር ይሆናል። ሙሽራ በምትለብስበት መኝታ ቤት ውስጥ 4.7 ሜትር የት ይገኛል? 50 ሚሊሜትር በክሮፕ ካሜራ ላይ «ለቤት ውስጥ አይሆንም» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሌንሱ ጥፋት የለበትም። ፉል ፍሬም ሲገዛ ያው ሌንስ ቤት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካሜራ ልትቀይሩ ከሆነ 50ውን ቀድማችሁ አትሽጡት።

ስሌቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይሠራል። ከሙሽሮቹ 8 ሜትር ርቃችሁ እንድትቆሙ ከተደረገና ሁለቱን ከወገብ በላይ፣ 1.4 ሜትር ስፋት አድርጋችሁ ለመያዝ ከፈለጋችሁ፣ በፉል ፍሬም 206 ሚሊሜትር፣ በክሮፕ 127 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። 70-200 የሚባለው ሌንስ በየሠርጉ የሚታየው ለታይታ አይደለም፤ ከዚያ በታች ያለው ፊት አይደርስም። ለቤተሰብ ፎቶ ደግሞ አሥር ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ወደ 5 ሜትር ይሰፋል፤ በ24 ሚሊሜትር 3.3 ሜትር፣ በ35 ሚሊሜትር 4.9 ሜትር ርቀት ይጠይቃል። ቦታ ካለ 35 ይሻላል፤ 24 ላይ ጠርዝ የቆሙት አክስትና አጎት ፊታቸው ወደ ጎን ይለጠጣል።

ብርሃኑን እንውሰድ። ከኤፍ/2.8 ወደ ኤፍ/5.6 ሁለት ስቶፕ ነው፣ አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚገባው ብርሃን ሩብ ይሆናል። ኤፍ/2.8 ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 እና 1/125 ሰከንድ የሚበቃበት ቅድስት ውስጥ፣ ኤፍ/5.6 ያለው ሌንስ አይኤስኦ 12800 ይጠይቃል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፍላሽ አይፈቀድም ወይም አይወደድም፤ ስለዚህ የመክፈቻው ስፋት እዚያ የግድ ነው። አዳራሽ ውስጥ ፍላሹን ጣሪያ ላይ አንጥሮ መሥራት ስለሚቻል ኤፍ/4 ይበቃል። ድንኳን ውስጥ ግን የሸራው ቀለም ከብርሃኑ ጋር ፊት ላይ ስለሚመለስ፣ ባለው ብርሃን መሥራት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌንሱ ውስጥ ያለው የንቅናቄ ማረጋጊያ፣ ማለትም አይኤስ፣ የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው እንጂ የሚጨፍረውን ሰው አይደለም። ቄሱ ቆመው ሲያነቡ 1/30 ላይ ይሠራል፤ እስክስታ ሲመታ ግን 1/250 እና ከዚያ በላይ ካልሆነ ትከሻው ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ አይኤስ አይረዳም። በዚህ ምክንያት ገንዘብ ሲያጥር አይኤስ የሌለው የቀድሞው 70-200 ኤፍ/2.8፣ አይኤስ ካለው ኤፍ/4 ይልቅ ለቤት ውስጥ ሠርግ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ሥራችሁ በአብዛኛው ውጪ ከሆነ፣ ማለትም ፓርክ፣ ጥምቀት፣ ጃንሜዳ፣ ተቃራኒው ትክክል ነው፤ 70-200 ኤፍ/4 አይኤስ 760 ግራም ሲሆን ሁለተኛው ትውልድ ኤፍ/2.8 አይኤስ 1490 ግራም ነው። ሙሉ ቀን ትከሻ ላይ ሲውል ልዩነቱ ይታወቃል። አር5 እና አር6 ማረጋጊያው ካሜራው ውስጥ ስላለ አይኤስ የሌለው የድሮው ሌንስም ይረጋጋል፤ አር፣ አርፒ እና አር8 ግን ይህ የላቸውም።

በየቦርሳው ስለሚገኙት ሌንሶች አንድ በአንድ ያለኝን ፍርድ ልናገር።

75-300 ከሁሉ በፊት ይሸጥ። ከካሜራው ጋር በጥቅል ስለሚመጣ ብዙ ሰው እጅ ላይ አለ። 300 ላይ መክፈቻው ኤፍ/5.6 ነው፣ ማረጋጊያ የለውም፣ ጥራቱም እዚያው ጫፍ ላይ ይወርዳል። ሰው የሚገዛው ለርቀት ቢሆንም የሚደክመው ርቀት ላይ ነው። ክሮፕ ካሜራ ላላችሁ 55-250 ኤስቲኤም በጣም የተሻለ፣ ቀላልና ማረጋጊያ ያለው ነው፤ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (ባለ መስታወት ካሜራ) ላይ ግን አይገባም።

18-55 ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ለብቻው ከመሸጥ ከድሮው ካሜራ ጋር አብሮ ቢሸጥ ይሻላል፤ ካሜራውን ያሻሽጣል። 18-135ም ለቪዲዮ ካልፈለጋችሁት በስተቀር እንደዚያው።

50 ኤፍ/1.8 ይያዝ። በብዛት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው ማርክ 2 ሙሉ ፕላስቲክ ነው፤ ሲወድቅ ፊቱ ተገንጥሎ ይወጣል፣ ሞተሩም ቪዲዮ ላይ ድምፁ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤስቲኤም የብረት መግጠሚያ አለው፣ እስከ 35 ሳንቲሜትር ይቀርባል፣ 160 ግራም ነው። 24-70 ኤፍ/2.8 ያለው ሰውም ቢሆን አይሽጠው፤ ዙሙ በሠርጉ ቀን ቢበላሽ ቀኑን የሚያወጣው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ዋጋ ትንሽ ነው።

85 ኤፍ/1.8 ዩኤስኤም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ሌንስ ነው፤ ከዋጋው አንጻር ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው። ፎከሱ ፈጣን ነው፣ 425 ግራም ብቻ ይመዝናል። ድክመቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በብሩህና በጨለማ ድንበር ላይ ሐምራዊ ጠርዝ ማሳየቱ ነው፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ በፀሐይ ሲነሳ ጥለቱ አካባቢ ይታያል። ኤፍ/2.8 ላይ አብዛኛው ይጠፋል፤ የቀረውን ላይትሩም ያጸዳዋል። እንዲያውም ሁለት ሰው ስታነሱ ኤፍ/1.8 አትጠቀሙ፤ ከ2 ሜትር ላይ ፎከስ ውስጥ የሚገባው ጥልቀት 6 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ ከሙሽሮቹ አንዱ ይደበዝዛል። ኤፍ/4 ላይ 13 ሳንቲሜትር ይሆናል። በዚህ ስሌት 85 ኤፍ/1.4 ወይም 1.2 ለመግዛት ብዙ እጥፍ መክፈል ለሠርግ ሥራ አይታየኝም፤ ከ1.8 ወደ 1.4 የሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ብቻ ነው።

24-105 ኤፍ/4 የመጀመሪያው ትውልድ ለቪዲዮና ለቀን ሥራ ጥሩ ነው፤ ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዙም በተደረገ ቁጥር የሚታጠፈው የአፐርቸር ገመድ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቅና ካሜራው «ኤረር 01» ይላል። ሌንሱ ኤፍ/4 ላይ ሲሆን ምላጮቹ መንቀሳቀስ ስለማይኖርባቸው ምንም ችግር የሌለው መስሎ ይሠራል። ስለዚህ ሻጭ ኤፍ/4 ላይ ብቻ እያነሳ ቢያሳያችሁ አትመኑ፤ ኤፍ/8 እና ኤፍ/11 አድርጋችሁ ከ24 እስከ 105 እያዟዟራችሁ ብዙ ጊዜ አንሱ።

24-70 ኤፍ/2.8 ለዋና ሌንስነት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ 950 ግራምና 77 ሚሊሜትር ማጣሪያ፣ ሁለተኛው 805 ግራምና 82 ሚሊሜትር ማጣሪያ ነው፤ ሁለቱም አይኤስ የላቸውም። ክሮፕ ላይ ለቆየ ሰው የዚህን ሥራ የሚሠሩት 17-55 ኤፍ/2.8 አይኤስ፣ የሲግማ 17-50 እና የታምሮን 17-50 ናቸው። በክሮፕ ላይ 24-70 መግዛት አልመክርም፤ 24 እዚያ ወደ 38 ስለሚጠጋ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ያስደግፋችኋል።

ወደ መስታወት አልባ ስትሻገሩ ሌንሱን ሁሉ አንድ ላይ ለመሸጥ አትቸኩሉ። ለባለ መስታወቶቹ የተሠራው የካነን ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር (በማገናኛ) አር ካሜራ ላይ ሲገባ አውቶ ፎከሱም አይኤሱም እንደነበረ ይሠራል፤ አዳፕተሩ ውስጥ ብርጭቆ ስለሌለ ጥራት አይቀንስም፣ የሁለቱን መግጠሚያ የ24 ሚሊሜትር ልዩነት የሚሞላ ቀለበት ብቻ ነው። በተቃራኒው ለአር ካሜራዎች የተሠራው የአርኤፍ ሌንስ ዲኤስኤልአር ላይ በምንም መንገድ አይሠራም። 5ዲ ማርክ 3ን ሁለተኛ ካሜራ አድርጋችሁ የምታቆዩ ከሆነ ኢኤፍ ሌንስ ለሁለቱም ያገለግላል፤ አርኤፍ ግን ለአንዱ ብቻ። አሮጌው ካሜራ እስኪወጣ ድረስ የአርኤፍ ግዢን ማዘግየት ያዋጣል። ለክሮፕ የተሠሩት ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች አር6 ላይም ይገባሉ፤ ካሜራው ግን ምስሉን ይቆርጠውና 20 ሜጋፒክስሉ ከ8 በታች ይሆናል። እነሱን ከክሮፕ ካሜራው ጋር ሽጧቸው። የሲግማ፣ የታምሮንና የዮንግኑዮ ሌንሶችን በአዳፕተሩ ላይ ሳትሞክሩ አትግዙ፤ አንዳንዶቹ የውስጥ ሶፍትዌራቸው መታደስ አለበት።

ኒኮን ላይ ነገሩ ትንሽ ይከፋል። የድሮ ሌንሶችን ከመስታወት አልባዎቹ የኒኮን ካሜራዎች ጋር የሚያገናኘው ኤፍቲዜድ አዳፕተር አውቶ ፎከስ የሚሰጠው በውስጣቸው ሞተር ላላቸው ኤኤፍ-ኤስን ለመሰሉ ሌንሶች ነው። በካሜራው ሞተር የሚዞሩት ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በእጅ ብቻ ይሠራሉ፤ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ላይም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ኤኤፍ-ዲ ያለው ሰው ዲ750ን የመሰለ ካሜራውን ከመልቀቁ በፊት ቢሸጣቸው ይሻለዋል።

አሮጌ ሌንስ ስትገዙ የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀን ብርሃን ተገናኙ። መጀመሪያ መግጠሚያውና ዊንጮቹ ይታዩ፤ ራሳቸው የተበላ ዊንጮች ሌንሱ ተከፍቶ እንደነበር ይናገራሉ። የማጣሪያው ቀለበት ከተጣመመ ወድቋል። ከዚያ የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት በኩል ሰያፍ እያደረጋችሁ ተመልከቱ። የካነን ኢኤፍ ከካሜራ ሲወጣ መክፈቻው ክፍት ስለሚሆን ውስጡ በደንብ ይታያል። ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይወጣም፤ በእሱ ተከራከሩ እንጂ አትመለሱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ወይም ጉም የመሰለ ሽፋን ካያችሁ ግን ፈንገስ ወይም ጭጋግ ነውና ተዉት። ፈንገስ ሽፋኑን ይበላዋል፤ ቢጸዳም ምልክቱ ይቀራል፣ ለማጽዳት ሲፈታም የብርጭቆዎቹ አሰላለፍ ሊዛነፍ ይችላል። የኋላው ብርጭቆ ላይ ያለ ጭረት ከፊተኛው ይልቅ ይጎዳል።

ቀጥሎ የብሎኬት ግንብ ፈልጉ፤ ያልተለሰነ ቢሆን ይመረጣል። ካሜራውን በትሪፖድ ላይ ከግንቡ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ መክፈቻውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ አንሱ። አራቱም ጥግ እኩል ቢለሰልስ የሌንሱ ተፈጥሮ ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ካሜራውን ገልብጣችሁ ድገሙት። ድብዘዛው ፍሬሙ ውስጥ እዚያው ጥግ ላይ ከቀረ ብርጭቆው ተዛንፏል፤ አትግዙት። ከግንቡ ቦታ ጋር ከተዛወረ ግን አቋቋማችሁ ነው የተዛባው።

ዲኤስኤልአር ላይ ደግሞ «ይህ ሌንስ ይደበዝዛል» ተብለው በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው። አንድ ቋሚ ነገር በዓይን ማያው አንሱ፣ ከዚያ በላይቭ ቪው፣ ማለትም የኋላውን ስክሪን እያያችሁ፣ ድገሙት። በላይቭ ቪው ጥርት ካለና በዓይን ማያው ከደበዘዘ፣ ችግሩ የፎከስ ማስተካከያ ብቻ ነው። 70ዲ፣ 80ዲ፣ 6ዲ፣ 7ዲ እና 5ዲ ማርክ 3 ይህን ከሜኑ ውስጥ ለማስተካከል ያስችላሉ፤ 600ዲ እና 700ዲ አያስችሉም። መስታወት አልባ ካሜራ ፎከሱን ከሴንሰሩ ላይ ስለሚያነብ ችግሩ እዚያ አይነሳም። እንዲህ ያለው ሌንስ በርካሽ ሲገኝ ያዙት።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሲመጣ ማስመጣት ለሚችል፣ ኬኢኤች እና ኤምፒቢ ያገለገሉ ሌንሶችን በደረጃ ለይተው ይሸጣሉ፤ መመለስም ይቻላል። ዋናው ነገር ዕቃው ከበረራው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲደርስ ማዘዝ ነው። መንገደኛው የሚችለው ፍተሻ በስልክ መብራት ውስጡን ማየት ነው፤ የዚያን ፎቶ ይላክላችሁ። ሌንሱ በሁለቱም በኩል ተከድኖ በእጅ ሻንጣ ይምጣ።

ዋጋ ስታወጡ የገዛችሁበትን ብር እርሱት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የቀድሞው ዋጋ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ያንኑ ሌንስ ዛሬ ለመተካት በዶላር ስንት ይጠይቃል የሚለውን ያዙና ወደ ብር ቀይሩት፤ ከዚያ ለጭረቱና ለጎደለው ሁድ (የሌንሱ የፊት ጥላ) ቀንሱ። ከሽያጩ በፊት ግን የሚተካውን ሌንስ በእርግጥ የት እንደምታገኙት እወቁ። በእጅ ያለ ብር ሲቆይ ሌንሱን ላይመልስ ይችላል። በዐቢይ ጾም የተክሊል ሥራ ስለማይኖር መግዣው የጾሙ መጀመሪያ ነው፤ ለመሸጥ ደግሞ ታኅሣሥ መጨረሻ እና ከፋሲካ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይሻላሉ፤ የሥራ ቀን የያዘ ፎቶግራፈር ያኔ ነው የጎደለውን የሚፈልገው። ለጥምቀት ብቻ በዓመት አንዴ የሚወጣ ረጅም ሌንስ ካላችሁ ሸጣችሁ ተከራዩ። የዓመቱ ኪራይ ድምር ከሌንሱ ዋጋ ሩብ እስካላለፈ ድረስ እኔ ኪራዩን እመርጣለሁ።

ስትሸጡ የፊቱንም የኋላውንም ብርጭቆ በመብራት ያነሳችሁትን ፎቶ፣ በሙሉ መክፈቻ የተነሳ ናሙናና ያለበትን ጉድለት አብራችሁ አቅርቡ። ጉድለቱን ቀድሞ የሰማ ገዢ እፊታችሁ ቆሞ ዋጋ አይሰብርም።

የምታስቀሯቸውን ደግሞ ከክረምት ጠብቁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሌንስ በቆዳ ወይም በጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ መክረም የለበትም፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላላችሁ ከክረምት ውጪም ቢሆን። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ፣ ቀለሙ የሚቀየር ሲሊካ ጄል እና ትንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ይበቃል። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያሳይ፤ 60 ሲያልፍ ሲሊካውን በምድጃ ወደ 120 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አድርቃችሁ፣ ሲበርድ መልሱት።